መጀመሪያ ተቀባይ ሁኑ

ለቁልቢ ገብርኤል ድሬ ልትገቡ ያሰባችሁ፣ በተለይ ልጆቻችሁ ከዘመድ ጋር እንዲዘምሩ የምትመኙ፣ እኔ የከሰርኩበትን ልንገራችሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ውጭ ኖሬያለሁ፤ የቤተሰቤ ግቢ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ምንጣፍ ይዘረጋና ቤቱ በሙሉ ይዘምራል፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ባለፈው ስንቆጠር አራት ትውልድ፣ ሃያ ሦስት ሰው ሆንን። ሠርግ ሲሆንማ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያ ወደ ሶማሊኛ ይገባል፤ ያኔ ደግሞ ሙስሊሟ የአጎቴ ሚስት ናት የምታወርደው፣ ማለትም እየመራች የምታዘምረው።

አንድ ዓመት ኪቦርድ ይዤ ሄድኩ። አክስቴ ትንሽ ሰማችና «አቦ! እሱ ነው እኔን የሚከተለው ወይስ እኔ ነኝ እሱን?» አለችኝ። (እኛ ቤት አንቱታ የለም።) አክስቴ የምታወርደው እንደ ዕለቱ ጉሮሮዋ ነው፤ ጉንፋን ሲይዛት ዝቅ ታደርገዋለች፣ ቡና ጠጥታ ሲመቻት ከፍ። ሌላው ሰው እሷን ሰምቶ ይገባል። የእሷ ድምፅ ደግሞ ከሁለት ቁልፎች መሃል ነው የሚውለው። ኪቦርዱ ዛሬ ዳንቴል ለብሶ የፎቶ ማስቀመጫ ሆኗል።

በቪዲዮ አብሮ መዘመርንም ተዉት። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ እናንተ «ሃሌ» ስትሉ እነሱ «ሉያ» ላይ ናቸው። በዚያ ላይ ሁለት ወገን እኩል ሲያሰማ ስልኩ አንዱን ያፍነዋል። ደግነቱ የኛ ዝማሬ አውራጅና ተቀባይ አለው። አክስቴ የአውራጁን ብቻ በቴሌግራም ቀርጻ ትልካለች፤ የተቀባዩ ቦታ ሲደርስ ዝም ትልና ጭብጨባዋ ብቻ ይሰማል። ልጆቼ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወስዳቸው መኪና ውስጥ በዚያ ክፍተት ይቀበላሉ። ከኋላ የባጃጅ ጥሩምባና የሰፈሩ አዛን ይገባበታል፤ አልቆርጠውም።

ግጥሙን በላቲን ፊደል ጽፋችሁ አትስጧቸው። እኔ ሰጥቼ «ጸጋ» የሚለውን «ሥጋ» አድርገውት ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ልጄ ሁለት ቀን አኮረፈ። በጆሯቸው ይማሩት።

ንግሡ ታኅሣሥ 19 ነው፣ በፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር 28። ብዙዎቻችን በዋዜማው ደርሰን ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። ከቻላችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግቡና ልምምዱ ላይ ተቀመጡ፤ የዚያ ሰሞን የአዲስ አበባ ድሬ በረራ ቶሎ ስለሚሞላ ትኬቱን አስቀድማችሁ ያዙ። ከውጭ የመጣ ይከበራልና «እስኪ አንተ አውርድ» ይሏችኋል። እሺ እንዳትሉ። ገንዘብ ካላችሁም ለስቱዲዮና ለቲሸርት አታውጡት፤ ቤተሰቡን ቁልቢ ለሚያደርሰው ሚኒባስ ኪራይ ስጡ።

ጋቢ አትርሱ። ወደ ቁልቢ የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ስትወጡ የድሬ ሙቀት ያበቃል፣ ቁልቢ ሌሊት ይበርዳል። ከበሮውንም ይበርደዋል፤ ቆዳው እርጥበት ስቦ ይላላና ድምፁ የራሰ ካርቶን የተመታ ይመስላል። ያኔ የአክስቴ ልጅ እሳት ዳር ተቀምጦ የከበሮውን ፊት ያሞቀዋል፤ እያዟዟረ፣ በጣቱ መታ እያደረገ፣ ጆሮውን አስጠግቶ። ያ ያኮረፈው ልጄ ያን ሌሊት አጠገቡ ቁጭ ብሎ አደረ። በዓመቱ ስንመለስ ከበሮውን የሚያሞቀው እሱ ሆነ። መምታቱ ገና ነው፣ አክስቴ አልፈቀደችም።