የጓሮ ጥያቄዎች፦ ባሕር ዛፍ፣ የብሳና ቅጠል፣ የወፍ ቆሎና ኮሶ

ክረምቱ ሲቃረብ ወደዚህ አምድ የሚላኩት ጥያቄዎች ከአበባ ወደ ዛፍ ያዘነብላሉ። ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱን መካከል አራቱን እነሆ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ በአጥሬ ዳር የነበሩትን ባሕር ዛፎች አስቆርጫለሁ። በቦታቸው ወፍና ንብ የሚወዱትን የአገር ዛፍ ልተክል አስቤ ነበር፤ መሬቱ ግን ሣር እንኳ አላበቅል ብሏል።

መልስ፦ ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ የማገዶ ችግራችንን ያቃለለ ዛፍ ስለሆነ ልንረግመው አይገባም፤ ይሁን እንጂ ውኃ አጥብቆ ይጠጣል፣ ዘይታም ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ጉቶው ማቆጥቆጡ ስለማይቀር፣ ማስነቀል ባይችሉ እንኳ ቡቃያውን በወጣ ቁጥር ይገንጥሉት። ዘንድሮ ዛፍ ለመትከል አይቸኩሉ፤ መሬቱን ቆፍረው የበሰለ ፍግ ይቀላቅሉበትና አንድ ክረምት ባቄላ ይዝሩበት። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ አፈሩ ውስጡ ድረስ ሲርስ፣ አጥሩን ሰንሰል ያድርጉት፤ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ስለሚጸድቅ ወጪ የለውም። ከግድግዳው አምስት ሜትር ያህል ራቅ አድርገው ደግሞ አንድ ዋንዛ ይትከሉ። ዋንዛ ነጭ አበባውን ሲያፈካ ከሥሩ የቆመ ሰው ቀና ሳይል የንቡን ድምፅ ይሰማል፤ ፍሬውንም ልጆችና ወፎች ይሻሙበታል።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ ትልቅ ብሳና አለ። ቅጠሉ እየረገፈ ስላስቸገረን በየቀኑ ጠርገን እናቃጥለዋለን። ዛፉን ብናስቆርጠውስ?

መልስ፦ ዛፉም ቅጠሉም ይቆዩ። ቅጠል ሲቃጠል ናይትሮጂኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ የሚቀረው አመድ ብቻ ነው። የብሳና ቅጠል ደግሞ ፈጥኖ የሚበሰብስ በመሆኑ፣ ገበሬዎቻችን ዛፉን በእርሻቸው መካከል ሳይቆርጡ የሚተዉት ያለ ምክንያት አይደለም። ብርቱካንማ መልክ ይዞ የረገፈውን ቅጠል በአንድ ጥግ እስከ ጉልበት ድረስ ይከምሩትና ክረምቱን ዝናብ ይምታው። መስከረም ላይ የላይኛውን ደረቅ ድርብ ገለጥ ቢያደርጉ፣ ከሥሩ አንዳንዱ ቅጠል ጅማቱ ብቻ እንደ ወንፊት ቀርቶ፣ በመካከሉም ጥቁር ፍርፍር አፈርና የምድር ትል ያገኛሉ። ያንን በክረምት ለሚጨቀየው፣ በበጋ ለሚሰነጠቀው ዋልካ መሬት ቢሰጡት አፈሩ ይለሰልሳል። የግቢን ንጽሕና በተጠረገ ባዶ መሬት የመለካት ልማዳችን (እኔም ያደግሁት በዚያው ነው) ጓሮዎቻችንን ክፉኛ ጎድቷቸዋል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ቢራቢሮ ስለሚወደው የወፍ ቆሎ ተክያለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ግን «ንቀይው» ይሉኛል።

መልስ፦ እትዬ ልክ ናቸው። ተክሉ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሲሆን፣ ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በየሜዳው ይበትኑታል፤ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል። በምትኩ ቀጋ ወይም አጋም ይትከሉ።

ጥያቄ፦ ኮሶ ከተማችን ውስጥ ይበቅላል?

መልስ፦ ኮሶ በተለይ የሚስማማው ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው ደጋ ስለሆነ፣ ለዳባትና ለደባርቅ ሰው እተወዋለሁ። ለእርስዎ ወይራ ይሻላል፤ ዕድገቱ ቀርፋፋ ቢሆንም ፍሬውን ወፎች ይወዱታል። ዘሩን የሚያፈሉት ራስዎ ከሆኑ፣ ጠንካራውን ቅርፊት የውስጡን ፍሬ ሳይጎዱ በጥንቃቄ ሰንጠቅ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ለመብቀል ብዙ ወራት ያስጠብቅዎታል።