የሙያ ፈቃድና የጥራት ዕውቅና በጥርስ ክሊኒኮች

ጥያቄ፦ በቅርቡ የጥርስ ሥር ሕክምና ለማግኘት በሄድኩበት ክሊኒክ መቀበያ ክፍል ግድግዳ ላይ ሁለት ሰርተፊኬቶች ተሰቅለው አየሁ። አንደኛው የሐኪሟ የሙያ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ክሊኒኩ የጥራት ዕውቅና ማግኘቱን ይገልጻል፤ ነገር ግን የሚያገለግልበት ጊዜ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቀድሞ የምታከምበት ክሊኒክ ዕውቅና የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሆኖም በሕክምናው ቅር ተሰኝቼ አላውቅም። ሁለቱ ወረቀቶች በምን ይለያያሉ? ዕውቅና የሌለው ክሊኒክ ሕገ ወጥ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዕውቅና የሌለው ክሊኒክ በዚህ ብቻ ሕገ ወጥ አይሆንም። የሙያ ፈቃድ ሕግ የሚያስገድደው ነው፤ ያለ ፈቃድ የሰው ጥርስ የሚነካ ሰው ወንጀል ይፈጽማል። ተቋሙም ቢሆን በብዙ አገሮች በራሱ ስም የሥራ ፈቃድ እንዲያወጣ ይገደዳል። የጥራት ዕውቅና ግን በአብዛኛው ክሊኒኩ በራሱ ፍላጎት የሚጠይቀው፣ ከውጭ የመጡ ገምጋሚዎች አሠራሩን ከተጻፈ መስፈርት ጋር አመሳክረው የሚሰጡት ምስክርነት ነው። ፈቃድ ማንም ሊወርድበት የማይገባውን ዝቅተኛ ወለል ሲያመለክት፣ ዕውቅና ከዚያ በላይ ምን ያህል እንደተሠራ ለማሳየት ይሞክራል።

ፈቃድ ዛሬ ተራ ነገር ቢመስልም የተገኘው በቀላሉ አይደለም። በብሪታንያ የጥርስ ሐኪሞች መዝገብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1878 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ያ ሕግ የጠበቀው የሙያውን ስም ብቻ ነበር። ያልተመዘገበ ሰው «የጥርስ ሐኪም ነኝ» ብሎ እስካልጻፈ ድረስ ጥርስ መንቀሉንና መሙላቱን ይቀጥል ነበር። ሥራው ራሱ ለተመዘገቡ ሰዎች ብቻ የተወሰነው ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1921 በወጣው ሕግ ነው። ስለዚህ የሐኪሟ ፈቃድ የሚነግርዎት ተገቢውን ትምህርት አጠናቅቃ በመዝገብ ውስጥ እንደምትገኝና ጥፋት ብትፈጽም የሚጠይቃት አካል እንዳለ ነው፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ጠዋት መሣሪያዎቹ በትክክል መምከናቸውን፣ ማለትም ከተህዋሲያን ሙሉ በሙሉ መጽዳታቸውን ግን ሊነግርዎት አይችልም።

የጥራት ዕውቅና የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የጤና አገልግሎትን ጥራት በሚመለከት እስከ ዛሬ መሠረት ሆኖ የሚያገለግለውን ሐሳብ የዘርፉ ተመራማሪ የነበሩት ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን እ.ኤ.አ. በ1966 አቅርበዋል፤ ይኸውም ጥራት በሦስት ወገን፣ ማለትም በተቋሙ ይዞታ፣ በአሠራሩና በሕክምናው ውጤት ይመዘናል የሚል ነው። በጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ከሦስቱ ይበልጥ የሚፈትነው አሠራሩ እንደሆነ አምናለሁ። አውቶክሌቭን ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ በግፊት ውስጥ ባለ እንፋሎት መሣሪያ የሚያመክን ማሽን በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያንስ 15 ደቂቃ ወይም በ134 ዲግሪ ቢያንስ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ጊዜው የሚቆጠረውም ሙቀቱ ከተደረሰበት በኋላ ነው። ዕቃው ከመጠን በላይ ከታጨቀ አየር በመካከሉ ታምቆ ስለሚቀር እንፋሎቱ ሁሉንም ገጽ አይነካም። በመጠቅለያው ላይ ያለው ቀለም መለወጡ ፓኬቱ ለሙቀት መጋለጡን ያሳያል እንጂ በውስጡ ያለው መሣሪያ መምከኑን አያረጋግጥም። ለዚህም ነው ጥሩ ክሊኒክ ሙቀትን በመቋቋም የታወቁ የባክቴሪያ ስፖሮችን በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከመሣሪያዎቹ ጋር አስገብቶ መሞታቸውን የሚፈትሸው፣ ውጤቱንም ከነቀኑ በመዝገብ የሚያሰፍረው። ዕውቅና ሰጪ ገምጋሚ በመጀመሪያ የሚያገላብጠው እንዲህ ያለውን መዝገብ ነው፤ እኔም ከማንኛውም ያማረ ፍሬም ይልቅ ያንን መዝገብ አምናለሁ።

ጥርስ የሚቦረቡረው ተሽከርካሪ መሣሪያም እንዲሁ ነው። ሲቆም ምራቅና ደም ወደ ውስጡ ሊስብ ስለሚችል ላዩን በአልኮል መጥረግ አይበቃም፤ ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ በሙቀት መምከን አለበት። ወደ አፍ የሚረጨው ውኃም በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲቆም ተህዋሲያን ይራቡበታል፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል በአንድ ሚሊ ሊትር ውኃ ከ500 የባክቴሪያ ኮሎኒ (በላብራቶሪ ሲያድግ የሚቆጠር የባክቴሪያ ስብስብ) እንዳይበልጥ ይመክራል። እነዚህን ነገሮች ታካሚ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ሊያያቸው አይችልም፤ በእርሱ ፈንታ የሚያይ ሌላ ዐይን ያስፈልጋል።

ይህን ስል ግን ዕውቅና ያገኘ ሁሉ ካላገኘው ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ለግምገማው ሳምንት ብቻ የሚሰናዳ ክሊኒክ ይኖራል፤ ዕውቅና ለመጠየቅ አቅም ወይም ጊዜ ያላገኘ፣ ሥራውን ግን በጥንቃቄ የሚሠራ ክሊኒክም አለ። ቀድሞ የሚታከሙበት ክሊኒክ ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ሰርተፊኬቱ ምንን እንደሚመሰክር ማንበብም ይገባል፤ አይኤስኦ 9001 የተባለው ዓለም አቀፍ የጥራት አመራር መስፈርት ለምሳሌ የተቋሙ የአመራር ሥርዓት በወጉ መዘርጋቱን ይገልጻል እንጂ የጥርስ ሙሌቱን ጥራት አይለካም።

ጊዜው ስላለፈበት ወረቀት የጠየቁት ተገቢ ነው። ዕውቅና ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ የሚሰጠው ሠራተኛው፣ ማሽኑና አሠራሩ ስለሚለወጡ ነው። ጊዜው ማለፉ ክሊኒኩን አያዘጋውም፤ ዛሬ የሌለውን ምስክርነት ግድግዳ ላይ ማቆየቱ ግን ታካሚን ያሳስታል። በትሕትና ይጠይቋቸው፤ እድሳቱ በሂደት ላይ ከሆነ ማስረጃውን ለማሳየት አይቸገሩም። ጊዜው ያለፈው የሐኪሟ የሙያ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ ግን ሕክምናውን ከመጀመርዎ በፊት ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲያጣሩ እመክርዎት ነበር።

ጥያቄ፦ በተደረገልኝ ሕክምና ጉዳት ደርሶብኛል ብዬ አምናለሁ። ክሊኒኩ ዕውቅና ስላለው አቤቱታዬን ለዕውቅና ሰጪው ላቅርብ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ለክሊኒኩ በጽሑፍ ያሳውቁ። የሐኪሙን ብቃትና ሥነ ምግባር የመመርመር፣ አስፈላጊ ከሆነም ፈቃዱን የማገድ ሥልጣን ያለው ተቆጣጣሪው አካል ነው። ዕውቅና ሰጪው አቤቱታዎን ተቀብሎ ምስክርነቱን ዳግም ሊመረምር ይችል ይሆናል፤ ካሳ የመወሰን ሥልጣን ግን የለውም፤ የካሳ ጥያቄ የሚቀርበው ለፍርድ ቤት ነው። ከሁሉ በፊት የሕክምና መዝገብዎንና የራጅ ምስሎችዎን ቅጂ ይውሰዱ፤ ሌላ ሐኪም የጥርስዎን ይዞታ ከመቀየሩ በፊትም ያለበትን ሁኔታ በጽሑፍ እንዲያሰፍርልዎ ይጠይቁ።