«ምን ነክቼ ነው?»፦ በስሕተት ስለተነኩ ቁልፎች ጥያቄና መልስ

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን መንከባከብ ሥራዬ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከሁሉ አብዝቼ የሰማሁት ቃል «እኔ ምንም አልነካሁም» የሚለው ነው። ተነክቷል፤ ግን የሚያሳፍር ነገር የለውም። ዛሬ የደረሱኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። አስቀድሜ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያልጠበቃችሁት ነገር ስክሪኑ ላይ ሲመጣ እጃችሁን አንሱ። የመጀመሪያው ንክኪ የሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ይመለሳል። አስቸጋሪው በድንጋጤ የሚከተለው የቁልፍ ናዳ ነው።

ጥያቄ፦ በጽሕፈት ሥራ ላይ ነኝ። ስክሪኑ ድንገት ተገልብጦ ጽሑፉ በአናቱ ቆመ። ጥገና ቤት ስወስደው «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። ላስደርገው?

በፍጹም! ፎርማት ማለት ፋይልዎ ሁሉ ተጠርጎ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይጀምር ማለት ነው፤ ለዚህ ችግር የሚያስፈልገው ግን ሦስት ቁልፍ መጫን ነው። የኢንቴል ግራፊክስ ባላቸው ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ኮንትሮል፣ አልትና የታች ቀስት አብረው ሲጫኑ ስክሪኑ ይገለበጣል። ኮንትሮል፣ አልትና የላይ ቀስት ያቃኑታል። በአዳዲሶቹ ላይ ይህ አቋራጭ ላይሠራ ይችላል። ያን ጊዜ ባዶው ገጽ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ይጫኑና «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ገብተው «ኦሪየንቴሽን» የሚለውን ወደ «ላንድስኬፕ» ይመልሱ። ማውሱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ላፕቶፕ ከሆነ ራሱን ላፕቶፑን ገልብጠው ይዘው ቢሠሩ ማንም አይስቅብዎትም።

ለእያንዳንዱ ሕመም ፎርማት የሚያዝዙ ጥገና ቤቶች ብዙ ናቸው። ምክንያቱን ሳይነግሩዎት ፎርማት ካሉ ኮምፒውተርዎን ይዘው ይውጡ።

ጥያቄ፦ በጽሑፍ መሐል ፊደል ሳስገባ የቀድሞውን ፊደል እየበላው ይሄዳል።

ኢንሰርት የሚባለው ቁልፍ ተነክቷል። ከዲሊት አጠገብ ስለሆነ ጣት ይስታል። አንዴ ደግመው ይጫኑት፤ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኤክሴል ላይ የቀስት ቁልፎችን ስጫን ከሳጥን ወደ ሳጥን መሄድ ትቶ ገጹ በሙሉ ይንሸራተታል። ላፕቶፔ ላይ ደግሞ ስክሮል ሎክ የሚባል ቁልፍ የለም።

ጥፋተኛውን አውቀውታል ማለት ነው። ስክሮል ሎክ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ኪቦርድ ላይም ነበረ። ዛሬ ከኤክሴል በቀር የሚጠቀምበት ፕሮግራም እምብዛም የለም፤ ብዙ ላፕቶፖችም ቁልፉን አስቀርተውታል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ኮንትሮልንና የእንግሊዝኛውን ኦ አብረው ይጫኑ። ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይመጣል። እዚያ ላይ የስክሮል ሎክን ምልክት በማውስ ይንኩትና ይዝጉት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው፤ እናቴ ደሴ ናት። ስልኳ የነካችውን ሁሉ በድምፅ ማንበብ ጀምሯል። አንዴ ስትነካው አይከፍትም፣ ገጹን ስትስበውም አይሄድም። ጎረቤቶቿ «ቫይረስ ነው» አሏት። ከሩቅ እንዴት ልርዳት?

እኅቴ፣ ቫይረስ አይደለም። ቶክባክ የሚባለው አገልግሎት በርቶ ነው። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ስልክ የሚጠቀሙት በእሱ ነው፤ ለእነርሱ ዓይን ማለት ነውና እንደ ብልሽት አይታይ። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ የድምፅ መጨመሪያውና መቀነሻው አብረው ለሦስት ሰከንድ ያህል ሲጫኑ ይበራል፤ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ሲጨናነቅም ሊሆን ይችላል። የሚጠፋውም በዚያው መንገድ ስለሆነ መጀመሪያ ይህን አስሞክሪያት። «ሁለቱን የጎን ቁልፎች አንድ ላይ ያዢያቸው፣ እስኪናገር አትልቀቂ» በያት።

ካልሆነ በሴቲንግ በኩል መሄድ ነው፤ እዚህ ላይ የአነካኩ ሕግ እንደተለወጠ አስረጂያት። አንድ ጊዜ መንካት ያነባል እንጂ አይከፍትም። የፈለገችውን አንዴ ነክታ ስሙ ሲነበብ ጣቷን ታንሣ፤ ከዚያ ፈጠን አድርጋ ሁለት ጊዜ ትንካ። ገጹን ለመሳብ በአንድ ጣት ፋንታ በሁለት ጣት ትሳብ። በዚህ አኳኋን ሴቲንግ ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ» ከሚለው ሥር ቶክባክን ታገኘዋለች። ስልኳ አይፎን ከሆነ አገልግሎቱ ቮይስኦቨር ይባላል፤ በብዛት የሚያበራውም የሚያጠፋውም የጎኑን ቁልፍ ሦስት ጊዜ አከታትሎ መጫን ነው፤ በአሮጌዎቹ ደግሞ የፊቱን ክብ ቁልፍ።

ስትመሪያት አትቸኩዪ። ስልኩም እናትሽም አንቺም በአንድ ጊዜ ከተናገራችሁ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጨዋታ ስጫወት «ስቲኪ ኪስ» የሚል ሳጥን እየመጣ ያቋርጠኛል። ምንድን ነው?

ሺፍትን አምስት ጊዜ አከታትለህ ስትጫን የሚመጣ ነው። ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ መያዝ ለማይችል ሰው፣ ለምሳሌ በአንድ ጣት ለሚጽፍ፣ ሺፍትንም ኮንትሮልንም በየተራ እንዲጫን ያስችለዋል። አንተ ካላስፈለገህ «ኖ» በልና እዚያው ካለው ሊንክ ገብተህ አቋራጩን አጥፋው።

ከዚህ የሚከፋው ወንድሙ «ፊልተር ኪስ» ነው። የቀኙን ሺፍት ለስምንት ሰከንድ ያህል ይዘህ ከቆየህ የሚመጣውን ጥያቄ ሳታነብ «የስ» ብለህ ታልፈዋለህ። ከዚያ ኪቦርዱ የሞተ ይመስላል፤ ቁልፍ ካልዘገየህበት አይጽፍም። የተፈጠረው እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ነው፤ ፈጣኑን ንክኪ ሆን ብሎ ይዘለዋል። በዚህ ምክንያት ደህና ኪቦርድ ጥለው አዲስ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ። የቀኙን ሺፍት እንደገና ስምንት ሰከንድ ያዝ።

ጥያቄ፦ የይለፍ ቃሌን በትክክል እየጻፍኩ «ስሕተት ነው» ይለኛል። ትናንት ይሠራ ነበር።

ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ። የመጀመሪያው ካፕስ ሎክ ነው፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ነም ሎክ ነው። ለብቻው የቁጥር ሰሌዳ በሌላቸው አንዳንድ ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ሲበራ ዩ፣ አይ እና ኦ የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት 4፣ 5 እና 6 ሆነው ይጻፋሉ፤ ጄ፣ ኬ እና ኤል ደግሞ 1፣ 2 እና 3። የይለፍ ቃል በነጥብ ስለሚሸፈን አይታይዎትም። ከሳጥኑ አጠገብ የዓይን ምልክት ካለ እሱን ተጭነው የጻፉትን ይመልከቱ።

ሦስተኛው በእኛ አገር የሚበዛው ነው፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቷል። የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ፣ ወይም የግራው አልትና ሺፍት አብረው ሲነኩ ቋንቋው ይቀየራል። በመግቢያው ገጽ ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ የትኛው ቋንቋ እንደተመረጠ ይታያል። ደጋግመው ከመሞከርዎ በፊት እሱን ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ከተሳሳቱ ሊቆለፍብዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ሁሉም ጽሑፍ ተመርጦ ነበር መሰለኝ፣ አንድ ፊደል ስነካ ሰማንያ ገጽ ጠፋ። ደንግጬ ሴቭ አደረግሁት። አሁንም ፋይሉ ክፍት ነው፤ አልነካሁትም። እባክዎን ይድረሱልኝ።

ስላልነካሽው እግዚአብሔር ይስጥሽ። አትዝጊው። ኮንትሮልንና ዜድን አብረሽ ተጫኚ፤ እስኪመለስ ድረስ ደጋግሚው። ብዙ ሰው ሴቭ ከተደረገ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የማይቻል ይመስለዋል። ዎርድ ላይ ፋይሉ እስካልተዘጋ ድረስ ይቻላል። ሲመለስልሽ በሌላ ስም አስቀምጪው፤ ከዚያ ብቻ ተንፍሺ።

ለሌሎቻችሁም ይህን ልጨምር። ጽሑፉ ጠፍቶ ገና ሴቭ ካልተደረገና ኮንትሮል ዜድ እምቢ ካለ፣ ፋይሉን ዝጉና «ላስቀምጠው?» ሲል አታስቀምጠው በሉት። ዲስኩ ላይ ያለው የቀድሞው ቅጂ አልተነካም፤ የምታጡት ከመጨረሻው ሴቭ ወዲህ የጻፋችሁትን ብቻ ነው። ነገር ግን ፋይሉ ያለው ዋንድራይቭ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ሆኖ በራሱ የሚያስቀምጠው «አውቶሴቭ» ከበራ ባዶውንም ወዲያው ያስቀምጠዋልና ይህ ዘዴ አይሠራም። በምትኩ «ቨርዥን ሂስትሪ» የሚለው ውስጥ የቀደሙት ቅጂዎች በየሰዓታቸው ተደርድረው ታገኛላችሁ። ጉግል ዶክስም እንዲሁ ነው።

ጭራሽ ሴቭ ሳይደረግ የተዘጋ ፋይልም ተስፋ አለው። ዎርድ ሴቲንጉ ካልተቀየረ በቀር በየ10 ደቂቃው ለራሱ ቅጂ ይይዛል፤ «ፋይል» ከዚያም «ኢንፎ» ውስጥ ያልተቀመጡ ሰነዶችን መልስ የሚል ምርጫ አለ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር 10 ደቂቃ ብዙ ነው። እኔ ለማውቃቸው ሁሉ ወደ 2 ደቂቃ አወርድላቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ የማኅበራችን ቃለ ጉባኤ አለ። ሁሉንም መርጬ ፎንቱን ስቀይር አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆነ። ሰነዱ ተበላሸ?

አልተበላሸም። ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር ከሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ በፊት የተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ ያስቀምጡ የነበረው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ለኮምፒውተሩ ጽሑፉ ከመጀመሪያውም የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ መስሎ የሚታየው በፎንቱ ምክንያት ብቻ ነው። ፎንቱን ሲቀይሩ ልብሱ ወለቀ።

መፍትሔው የቀድሞውን ፎንት መመለስ ቢሆንም ከኮንትሮል ዜድ መጀመር ይሻላል፤ ምክንያት አለኝ። የአማርኛ ፊደል ከ200 በላይ ቅርጽ ስላለው በአንድ ፎንት ቦታ አልበቃ ብሎ አንዳንድ ሠሪዎች ቅርጾቹን በሁለት ፎንት ከፍለዋቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰነድ ሁሉንም መርጠው በአንድ ፎንት ከመለሱት ግማሹ ፊደል ይስተካከላል፣ ግማሹ የማይሆን ፊደል ሆኖ ይቀራል። ኮንትሮል ዜድ ግን እያንዳንዱን ወደነበረበት ይመልሰዋል። ፋይሉ ተዘግቶ ከሆነ በኢሜይል የተላከ ወይም በፍላሽ የቀረ ሌላ ቅጂ ይፈልጉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በአሮጌው መንገድ የተጻፈ ብዙ ነውና እንዲህ ያሉ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ ማስቀየር ዋጋ አለው። ከተቀየረ በኋላ ቁጥሮቹንና ስሞቹን በዓይን ያነጻጽሩ።

ጥያቄ፦ በስልክ ገንዘብ በላክሁ ጊዜ አንድ ቁጥር ተሳስቼ ለማላውቀው ሰው ሄደ።

እዚህ ላይ ኮንትሮል ዜድ የለም። ወዲያውኑ ገንዘቡን ለላኩበት ባንክ ወይም ድርጅት ይደውሉ፤ የግብይቱን መለያ ቁጥር፣ ሰዓቱንና መጠኑን ይያዙ። የደረሰኙን ምስል አያጥፉ። ተቀባዩ ቅን ሰው ከሆነ በጨዋ ቃል ቢደውሉለት ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ካልሆነም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሳይገባ የተከፈለ ገንዘብ ሊመለስ እንደሚገባ ስለሚደነግግ መብት አለዎት። ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ከማረጋገጫው በፊት የተቀባዩ ስም ከወጣ ስሙን ሳያነቡ አይለፉ።

ጥያቄ፦ ለጓደኛዬ የጻፍኩትን ስለ አለቃዬ የሚያወራ መልእክት አለቃዬ ያለበት ግሩፕ ላይ ላክሁት።

ቴሌግራም ከሆነ አሁኑኑ አጥፊው፤ ለሁሉም ይጠፋል። ዋትስአፕ ከሆነ «ለሁሉም አጥፋ» የሚለውን መምረጥሽን አረጋግጪ። «ለእኔ አጥፋ» ካልሽ ከአንቺ ስልክ ብቻ ይጠፋል፣ ለአለቃሽ ይቀራል። እሱን ከነካሽ ለጥቂት ሰከንድ «መልስ» የሚል ምርጫ ከታች ይወጣል፤ ያዢው። ጂሜይል ላይ የተላከን መልእክት መመለሻው ጊዜ 5 ሰከንድ ነው፤ ከሴቲንግ እስከ 30 ሰከንድ ማሳደግ ይቻላል። አለቃሽ አንብቦት ከሆነ ግን ከእኔ ሙያ ውጪ ነው።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ወደ አደጋ ጊዜ መጥሪያው ቁጥር፣ 999፣ ደወለ። ደንግጬ ዘጋሁት። ችግር አለው?

መዝጋቱ ነው ስሕተቱ። ዝም ብሎ የተዘጋ ጥሪ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞቹን ሰው አደጋ ላይ ነው ወይ ብለው እንዲያጣሩ ያስገድዳቸዋል። መስመሩ ላይ ቆይተው «በስሕተት ነው፣ ደህና ነኝ» ማለት ብቻ ይበቃል፤ አሜሪካ 911 ላይም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ ፖሊሶች በአንድሮይድ ስልኮች ምክንያት የሚመጣው የስሕተት ጥሪ እንደበዛባቸው በይፋ ተናግረዋል፤ የጎኑ ቁልፍ አምስት ጊዜ ሲጫን የሚደውለው አገልግሎት ነው መንስኤው። ሴቲንግ ውስጥ «ኢመርጀንሲ» በሚለው ሥር ሊያጠፉት ይችላሉ። ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ ግን ባያጠፉት እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ የግድየለሽነት ውጤት አይደለም? ጠንቃቃ ሰው አይሳሳትም።

አልስማማም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2005 ቶኪዮ ውስጥ ሚዙሆ ሴኩሪቲስ የተባለ የአክሲዮን አሻሻጭ ድርጅት ሠራተኛ ጄኮም የተባለውን ኩባንያ አንድ አክሲዮን በ610,000 የን መሸጥ ሲገባው 610,000 አክሲዮን በ1 የን ብሎ አስገባ። ጄኮም በጠቅላላው የነበረው አክሲዮን 14,500 ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያ ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ታለፈ። ወዲያው ለመሰረዝ ሲሞከር ደግሞ የአክሲዮን ገበያው ሥርዓት ስረዛውን አልቀበል አለ። ኪሳራው 40 ቢሊዮን የን ያህል ደረሰ፤ የገበያው ፕሬዚዳንት ሥራቸውን ለቀቁ። ፍርድ ቤትም በኋላ ከኪሳራው ከፊሉን ገበያው እንዲከፍል ወሰነ።

የሠለጠነ ሰው ነው የተሳሳተው። ያልሆነ ቁጥር የተቀበለውና መመለሻውን የዘጋው ግን ማሽኑ ነው። በየቀኑ መቶ ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ፕሮግራም መቶ አንደኛውን ሳታነብ «አዎ» እንድትል ያሠለጥንሃል።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጄ የስልኬን ቋንቋ ወደ ቻይንኛ ቀየረችው። ምንም ማንበብ አልቻልሁም።

ተመሳሳይ ስልክ ያለው ሰው ፈልጉና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በእሱ ሴቲንግ ውስጥ ወደ ቋንቋ የሚያደርሰውን መንገድ ተከተሉ፤ በእናንተ ላይ በዚያው ቦታ ያለውን ምልክት ንኩ። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ «ሲስተም» ውስጥ ነው፤ አይፎን ላይ «ጀነራል» ውስጥ። የቋንቋዎቹ ዝርዝር ላይ ስትደርሱ እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ፊደል ስለሚጻፍ እንግሊዝኛው በእንግሊዝኛ፣ ካለም አማርኛው በአማርኛ ተጽፎ ይጠብቃችኋል።