ጎመኔን ያቃጠለው ሳሙናው ነው?

ጥያቄ፦ ጥቅል ጎመኔን ክሽክሽ ወረረው። ግማሽ ሊትር የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በ20 ሊትር ውሃ በጥብጬ ቀትር ላይ ረጨሁት። በሦስተኛው ቀን የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ደረቀ፣ ክሽክሹ ግን ከቅጠሉ ሥር አሁንም አለ። ጠርሙሱ ላይ ሶዲየም ላውረት ሰልፌት ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያቃጠለው ሳሙናው ሳይሆን አይቀርም። መጠኑ በዝቷል፣ ሰዓቱም አልነበረም።

ሶዲየም ላውረት ሰልፌት ሻምፑና ፈሳሽ ሳሙና ላይ አረፋ የሚያወጣው ነገር ነው። አንዱ ጫፉ አሉታዊ ቻርጅ ስላለው ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ጫፉ ቅባትና ሰም ይይዛል። ጎመን ላይ ንጹህ ውሃ ጠብ ብታደርግ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይወርዳል፣ ቅጠሉ ሰም ለብሷላ። ሳሙና ሲገባበት ግን ውሃው ይዘረጋል፣ ክሽክሹን ያለብሰዋል፣ የገላውን ሰም አንስቶ ያደርቀዋል። ችግሩ ይሄው ሳሙና የቅጠሉንም ሰም አይምርም። አንተ በሊትር 25 ሚሊ ሊትር ነው የጨመርከው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ!

ከተገኘ ለሰብል ተብሎ የተዘጋጀውን የፖታሲየም ሳሙና ተጠቀም፣ እኔ እሱን ነው የምመርጠው፤ መጠኑም ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ካጣህ በሊትር ውሃ ከ5 ሚሊ ሊትር አትለፍ፣ ለ20 ሊትር 100 መሆኑ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙናና በረኪና ያለበትን ግን ፈጽሞ አታስጠጋ። መጀመሪያ ሦስት አራት ተክል ላይ ሞክርና ሁለት ቀን ጠብቅ፣ ቅጠሉ ደህና ከሆነ ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሌላውን ርጭ።

ሳሙና የሚገድለው እርጥብ ሆኖ የነካውን ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ምንም አይሠራም። ክሽክሽ ደግሞ የሚሸሸገው ከቅጠሉ ሥር ነው፣ ለዚህ ነው የተረፈልህ። የመርጫውን አፍ ከታች ወደ ላይ አዙረህ ርጭ። ከ5 እስከ 7 ቀን ቆይተህ ገልጠህ እይ፣ ካለ ድገመው።

አደራ፣ መርጫውን ወንዝ ዳር እንዳታጥብ። ይሄ ነገር የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል።

የተቃጠለውን ቅጠል አሁን አትቀንጥሰው። መሃሉን ገልጠህ እየው፤ አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ከሆነ ጎመኑ ይመለሳል፣ ውሃ ብቻ አታሳጣው።