መንጋጋ ተነቅሎ ከንፈር ሲደነዝዝ፦ ክሊኒኩን መክሰስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ደሴ ባለ አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ የታችኛው ቀኝ የመጨረሻ መንጋጋዬ ድዱ ተቀዶ፣ አጥንቱ ተፍቆ ወጣልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀኝ በኩል የታችኛው ከንፈሬና አገጬ ደንዝዟል። ሻይ ስጠጣ ይፈስብኛል፤ ከንፈሬን ሳላውቀው እየነከስኩ አቆስለዋለሁ። በስምንተኛው ቀን ስፌቱ ሲፈታልኝ ነግሬያቸው «ይለቅሻል» አሉኝ። አሁን አምስተኛ ወሩ ነው። ተመልሼ ስሄድ «ፈርመሻል፤ ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው» አሉኝ። ሰሞኑን ደግሞ የከፈልኩትን ሊመልሱልኝና ሊያስፈርሙኝ ሽማግሌ ልከዋል። መብት አለኝ ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ መብት አለዎት። ነገር ግን ከንፈርዎ መደንዘዙ ብቻውን ክስ አያሸንፍልዎትም። ክሱን የሚያቆመውም የሚጥለውም ካርድዎ ላይ የተጻፈውና ሳይጻፍ የቀረው ነገር ነው። ይህን መልስ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ ሽማግሌዎቹ ያመጡት ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ለታችኛው ከንፈር፣ ለአገጭና ለታች ጥርሶች ስሜት የሚሰጠው እሱ ነው። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ሥር ከዚህ ነርቭ ጋር ሊነካካ ስለሚችል፣ ሐኪሙ በጥንቃቄ ሠርቶም ነርቩ ሊጨፈለቅ ወይም ሊለጠጥ ይችላል። አብዛኛው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ለዘለቄታው ደንዝዞ የሚቀረው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «የሚያጋጥም ነው» ማለታቸው በራሱ ሐሰት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031ም ባለሙያን ተጠያቂ የሚያደርገው ሕመምተኛው ስለተጎዳ ሳይሆን፣ ባለሙያው የሙያውን ደንብ ሳይጠብቅ ሲቀር ነው። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የሚፈተሸው ከመነቀሉ በፊት የተነሳው ራጅ ነው። አፍ ውስጥ ተይዛ የምትነሳው ትንሿ ፊልም ብዙ ጊዜ የሥሩን ጫፍና የነርቩን መስመር አሟልታ አታሳይም፤ ሁለቱንም አብሮ የሚያሳየው ሙሉ መንጋጋውን የሚያነሳው ፓኖራሚክ ራጅ ነው። በዚህ ራጅ ላይ ሥሩ ነርቩ ጋ ሲደርስ ከጠቆረ፣ የነርቩ መተላለፊያ ነጭ መስመር ከተቋረጠ፣ ወይም መስመሩ ታጥፎ አቅጣጫ ከቀየረ ሥሩና ነርቩ ተጣብቀዋል የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ አማራጭ አለው፦ በሲቲ ስካን አጣርቶ መግባት፣ የጥርሱን አናት ብቻ ቆርጦ ሥሩን መተው፣ ወይም ለአፍና ለፊት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሪፈር መጻፍ። ምልክቱ እየታየ አንዳቸውም ሳይታሰቡ ከተነቀለ፣ ይባስ ብሎ ካርዱ ውስጥ ራጅ ጭራሹን ከሌለ፣ ጠንካራ ማስረጃ በእጅዎ አለ ማለት ነው።

ከዚያ የነቀለው ሰው ማን እንደሆነ ያጣሩ። አጥንት ተፍቆ የሚወጣ መንጋጋ ሁሉም የጥርስ ባለሙያ የሚሠራው ሥራ አይደለም። የባለሙያው የሙያ ፈቃድ በምን ደረጃ እንደተሰጠ፣ የክሊኒኩስ ፈቃድ ይህን ቀዶ ሕክምና ይጨምር እንደሆነ ፈቃዱን ከሰጠው የጤና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ። ከፈቃዱ ወሰን ውጭ ተሠርቶ ከተገኘ የክርክርዎ ሸክም በእጅጉ ይቀላል።

ስለ ፊርማው አይደንግጡ። ፈቃድ መስጠት ማለት የተነገረዎትን አደጋ አውቀው ተቀበሉ ማለት ነው፤ የባለሙያውን ጥፋት ይቅር አሉ ማለት አይደለም። በምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299/2006 መሠረትም ፈቃዱ የሚጸናው ሕመምተኛው በሚገባው ሁኔታ ተነግሮት ሲሰጥ ነው። ቅጹ ላይ «ከንፈር፣ አገጭ ወይም ምላስ ሊደነዝዝ ይችላል» የሚል ካለ መነገሩን ያሳያል። «ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል ድፍን ዓረፍተ ነገር ብቻ ከሆነ ግን ክሊኒኩን እምብዛም አይጠቅመውም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ያ ስምንተኛው ቀን ነው። መደንዘዙን ሲናገሩ ባለሙያው የደነዘዘውን ቦታ በጥጥና በመርፌ ጫፍ ፈትሾ፣ ወሰኑን ካርድ ላይ መዝግቦ፣ በየወሩ መቅጠር ነበረበት፤ ካልተሻለዎት ደግሞ ሪፈር መጻፍ። የተጎዳ ነርቭ በቀዶ ሕክምና ይጠገን ከተባለ ውጤቱ የሚሻለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ በራሱ የመመለስ ተስፋውም እየቀነሰ ይሄዳል። እርስዎ አምስተኛ ወር ላይ ነዎት። ስለዚህ ከጠበቃ በፊት ስፔሻሊስት ዘንድ ይሂዱ። ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሄደው ይመርመሩ፤ ካስፈለገ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ ወደ የካቲት 12 ሆስፒታል፣ ሪፈር ያስጽፉ። የሚጻፍልዎት የሕክምና ማስረጃ የትኛው ነርቭ እንደተጎዳ፣ ምን ያህል ስሜት እንደቀረና ወደፊት ምን ሕክምና እንደሚያስፈልግ ይናገር። «ትደነዝዛለች» ብቻ የሚል ወረቀት ፍርድ ቤት ላይ ብዙ አያራምድም።

በዚሁ ሳምንት ለክሊኒኩ ማመልከቻ ጽፈው የካርድዎን ቅጂ፣ ራጁን፣ የፈረሙበትን ቅጽና የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ ይጠይቁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና አንዱ ላይ ተቀብለናል አስብለው፣ ማኅተም አስመትተው ይመለሱ። ከከለከሉዎት አይጨቃጨቁ፤ ክስ ሲመሠረት ፍርድ ቤቱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 መሠረት እንዲያስቀርብልዎት ይጠየቃል። ማኅተም ያለበት ማመልከቻዎ ግን ቀድመው እንደጠየቁ ይመሰክራል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ካርዱ ላይ የሚጨመር ነገር ካለም ለመሞገት ይረዳል። ተከሳሹ ሊያነሳ ከሚችለው መከላከያ አንዱ ነርቩን የጎዳው የማደንዘዣው መርፌ ነው የሚል ነው፤ አልፎ አልፎ ይህም ይከሰታል። የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው።

ወደ ክሱ ስንመጣ፣ ከግል ክሊኒክ ጋር ከፍለው ስለታከሙ ግንኙነቱ የሕክምና ውል ነው፤ የሚገዛውም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2639 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ነው። ባለሙያው የክሊኒኩ ሠራተኛ ከሆነ በአንቀጽ 2651 መሠረት ክሊኒኩ ለጥፋቱ ስለሚጠየቅ ክሱ ክሊኒኩንም ይጨምር። አስቀድሞ በአንቀጽ 1772 መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። የውል ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ 10 ዓመት ነው (አንቀጽ 1845)፤ ከውል ውጭ ለሚቀርብ ክስ ግን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ብቻ ነው (አንቀጽ 2143)። የትኛው ይሠራል የሚለው ራሱ የክርክር ርዕስ ስለሚሆን ወደዚያ ጣጣ አይግቡ፤ ከሚመጣው ጥቅምት ቀጥሎ ያለው ጥቅምት ሳይደርስ ክስዎ ደሴ መዝገብ ቤት ይግባ። በመንግሥት ሆስፒታል የታከመ አንባቢ ከሆነ ደግሞ የመንግሥትንና የሠራተኞቹን ተጠያቂነት የሚደነግገውን አንቀጽ 2126ን ይዞ፣ በሁለቱ ዓመት ይቁጠር።

ለጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከት ይጠቅማል፤ ጥፋት አለ የለም የሚለው የባለሙያ አስተያየት ለዳኛው ትልቅ መረጃ ነው። ሆኖም የኮሚቴውን መልስ እየጠበቁ ይርጋው ይቆምልኛል ብለው አያስቡ፤ አይቆምም። በቸልተኝነት አካል መጉዳትን በሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ለፖሊስ ማመልከትም ይቻላል፤ እኔ ግን በዚያ እንዲጀምሩ አልመክርም። በወንጀል የሚጠየቀው የማስረጃ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ ለእርስዎ ደግሞ ቀድሞ የሚያስፈልገው የሕክምናው ወጪ ነው።

ካሳውን በሚመለከት ቁርጡን ይወቁ። የሞራል ካሳ በአንቀጽ 2116 መሠረት ከ1,000 ብር አይበልጥም። ገንዘቡ ያለው ቁሳዊው ጉዳት ላይ ነው፦ የሕክምናና የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የኮምቦልቻ፣ ደሴና አዲስ አበባ የትራንስፖርት ወጪ፣ ከሥራ የቀሩበት ቀን ደመወዝ (ከፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍል ደብዳቤ ያጽፉ)፣ እንዲሁም በአንቀጽ 2092 የወደፊት ሕክምና ወጪ። ደረሰኝ የሌለውን ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ተገቢ ነው ብሎ ባመነበት መጠን፣ ሊወስን ይችላል፤ በዚያ ተማምነው ግን ደረሰኝ አይጣሉ። ለዳኝነት የሚከፍሉት ከሌለዎት በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 መሠረት በድህነት ለመክሰስ ማመልከት ይችላሉ።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ። ዕርቅ መልካም ነው፤ እኔም ጉዳዩ በዕርቅ ቢያልቅ እመርጣለሁ። ነገር ግን የዕርቅ ስምምነት ከተፈረመ በአንቀጽ 3312 መሠረት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። የነቀሉበትን ዋጋ ብቻ ተቀብለው «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» ብለው ከፈረሙ፣ በኋላ ነርቩ አይመለስም ቢባል በሩ ተዘግቷል። ሽማግሌዎቹን አክብረው «የስፔሻሊስቱ ውጤት እስኪመጣ ታገሡኝ» ይበሏቸው። ክሊኒኩ ከልቡ ከሆነ የምርመራውንና የመንገዱን ወጪ ከአሁኑ ይሸፍን። ገንዘቡን የሚቀበሉ ከሆነም ደረሰኙ ላይ «ለሕክምና ወጪ የተሰጠ ከፊል ክፍያ፤ ቀሪው የካሳ ጥያቄ እንደተጠበቀ ነው» ተብሎ ይጻፍ፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ በእርስዎ እጅ ይቅር።