ኤሌክትሪክ መኪና ወይስ ፒካፕ? ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሁለቱንም ነድቻለሁ፣ ሁለቱንም ፈትቻለሁ። መኪና አልሸጥም፣ ኮሚሽንም የለኝም። ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልግባ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሥራዬ ሜክሲኮ ነው። ከከተማ የምወጣው አልፎ አልፎ ነው። የቱን ልግዛ?

ኤሌክትሪክ ግዢ፣ እህቴ። ግን መኪናው የት ነው የሚያድረው? ኮንዶሚኒየም ላይ የሚያስቸግረው ሶኬቱ ነው። ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ የሚለቁ አሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ማያያዣውን በፌስታል ይጠቀልሉታል። ይሄ ጨዋታ አይደለም! ከማኅበሩ ጋር ተነጋገሪና ከራስሽ ቆጣሪ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር አስዘርጊ። በተራ ሶኬት የሚገባው 2 ኪሎዋት ገደማ ነው። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ብትነጂ ከ8 እስከ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ አምስት ሰዓት ይበቃዋል። ማታ ሰክተሽ ተኚ።

ጥያቄ፦ ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ባስገባ ቤቴ ይችለዋል?

ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ላይ ብትሰካ ብሬከሩ ይዘላል? ከዘለለ በቻርጀሩም ይዘላል፤ ጭነቱ ተቀራራቢ ነው። መጀመሪያ ሽቦውን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳይ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም አመላልሳለሁ። ጓደኞቼ “በናፍጣ ሰልፍ ከምትሰቃይ ኤሌክትሪክ ግዛ” ይሉኛል።

ጓደኞችህ ክረምት ላይ ማሳ ገብተው ያውቃሉ? አንተ ፒካፕህን ያዝ። ዲፎርዲ፣ ማለትም የቶዮታ ሂሉክስ ፒካፕ፣ አንድ ቶን ገደማ ሊሸከም የተሠራ ነው፤ ከመሬት ከፍ ያለ ነው። ቢሰበር መለዋወጫው ሶማሌ ተራ አለ፣ ባቱ ያለ መካኒክም ይፈታዋል። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ባትሪ ደግሞ ወለሉ ስር ነው የተነጠፈው። ኮረኮንች ላይ ድንጋይ ካገኘው ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ መታህ ማለት ነው።

ሰልፉ እውነት ነው፣ አልክድህም። ማደያ በር ላይ ያደርክባትን ሌሊት ከወጪህ ጋር ደምራት። ግን ቲማቲም ቻርጅ እስኪሞላ አይጠብቅህም።

ጥያቄ፦ ሻጩ “አንዴ ከሞላ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል” ብሎኛል። ከአዲስ አበባ ደጀን ያደርሰኛል?

500 የሚባለው ብዙ ጊዜ የቻይና ልኬት ነው፤ ቸር ልኬት ነው። እኔ 350 ብዬ ነው የማስበው። ደጀን ትደርሳለህ፣ መመለሻውን ግን ሳትነሳ አስብ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ሽቅብ አንድ ሺህ ሜትር ለመውጣት ብቻ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ የመንገዱ ሌላ ነው። ዓባይ በረሃ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስትወርድ ሞተሩ ራሱ እየያዘልህ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ፍሬንህም አይግልም። ግን የሰጠህን ወደ ደጀን ስትወጣ አስበልጦ ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ ከፍታው ጉልበት አይቀንስበትም?

አይቀንስም፤ ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያስፈልገውም። ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ነው እንጦጦ ላይ የሚያለከልከው።

ጥያቄ፦ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ ያገለገለ ፒካፕ እያየሁ ነው። ያገለገለ ኤሌክትሪክም አግኝቻለሁ። ምን ልፈትሽ?

የፒካፑን ሻሲ ከስር ሆነህ እይ። ብየዳ ካየህ ተወው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳው፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ጠርጥር።

ኤሌክትሪኩን ክሪክ ላይ አውጣና የባትሪውን ሽፋን እይ፤ ጭረት ወይም ጉድጓድ ካለው ተመለስ። የባትሪውን ጤንነት ዳሽቦርዱ ላይ በሚታየው ኪሎ ሜትር አትገምት፣ በመመርመሪያ ማሽን አስነብብ። የመሰኪያውን ዓይነትም ጠይቅ። ለቻይና ገበያ የተሠራው መሰኪያ ከአውሮፓው ጋር አይገጥምም፤ በዚያ ላይ ስክሪኑ ቻይንኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። ባትሪው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ መቶ ፐርሰንት መሙላት ብዙም አይጎዳውም። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ከሆነ ግን ለአዘቦት 80 ላይ አቁመው፣ ለረጅም መንገድ ብቻ ሙላው።