አኪዩዝ፣ ቻርጅ፣ ሱ፦ ሁሉም «ከሰሰ» አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ወንድምሽ ቨርጂኒያ ውስጥ በፍጥነት ሲነዳ ተይዞ ወረቀት ተሰጥቶታል። ወረቀቱ «ቻርጅድ» ይላል። አንዱ «አኪዩዝ ነው ያደረጉት፣ ምንም አይደል» አለሽ። ሌላው ደግሞ ወንጀለኛ ሆኗል ብሎ እንቅልፍ ነሳሽ። ልዩነቱን የሚያውቅ ካለ ብለሻል። እኔ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ፣ እነዚህ ቃላት እንጀራዬ ናቸው። ጠበቃ ግን አይደለሁም፣ እሱን ያዢልኝ።

ችግሩ የኛ «ከሰሰ» ሁሉንም መሸከሙ ነው። ጎረቤት በድንበር ጎረቤቱን ይከሳል፣ ዐቃቤ ሕግም ሌባውን ይከሳል፤ ቃሉ ያው ነው። እንግሊዝኛው ይለያቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ «ይህን ያለው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ።

አኪዩዝ ማንም ሰው በአፉ የሚያደርገው ነው። ወረቀትም ፍርድ ቤትም አያስፈልገውም። «አንተ ነህ የወሰድከው» ካልሽው አበቃ፣ አኪዩዝ አድርገሽዋል። ይቺ ቃል ችሎት ውስጥ ስንቴ እንደምታጣላን! አንድ ጉዳይ ዝርዝሩን ቀይሬ ላውጋሽ። አንዲት የኛ ሴት ምስክር ሆና ቀርባለች። ቀደም ብላ ለአለቃዋ፣ የሥራ ባልደረባዬ የጉርሻ ገንዘብ ወስዷል ብላ ተናግራለች። የባልደረባዋ ጠበቃ «አኪዩዝ አድርገሽዋል ወይ?» ብሎ ጠየቃት። እዚህ ላይ አስተርጓሚው «ከሰሽው ወይ?» ቢላት መልሷ የታወቀ ነው፦ «ኧረ በስመ አብ! እኔ ማንንም ከስሼ አላውቅም!» እውነቷን ነው፣ ፍርድ ቤት አልሄደችማ። ዳኛው ግን የሚሰማው ሌላ ነው፤ ያኔ ተናግራ ዛሬ ካደች ይላል። «ወስዷል ብለሽ ተናግረሻል ወይ?» ሲባል ግን ያለ አንዳች ማመንታት «አዎ» አለች። እናንተም ችሎት ፊት «ከሰስክ ወይ፣ ተከሰስክ ወይ» ስትባሉ ቶሎ አትመልሱ። «የት? ለማን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ብሌም ደግሞ ቀለል ይላል። ወንጀል ላይኖር ይችላል። ወጡ አረረ፣ ባልሽን ብሌም አደረግሽው፤ በቃ።

ወደ ወንድምሽ ስንመጣ፣ ቻርጅ የመንግሥት ሥራ ነው። ስልክና የክሬዲት ካርድ ቻርጅ ስለለመድን ቃሉ ተራ ይመስለናል። ሰው ላይ ሲመጣ ግን ሕጋዊ ክስ ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ በፍጥነት ቀልድ አታውቅም። ከተፈቀደው በሰዓት 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም መንገዱ ምንም ይፍቀድ ከ85 ማይል በላይ የነዳ፣ «ሬክለስ ድራይቪንግ»፣ ማለትም በግዴለሽነት መንዳት፣ ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። ይህ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም። ክላስ 1 ሚስዲሚነር የሚባል ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። ሁሉም ይታሰራል ማለቴ አይደለም። ግን ወረቀቱ ላይ ሬክለስ የሚል ካለ ጠበቃ ያየው። «ፈርሟል፣ አመነ ማለት ነው» ያለሽንም አትስሚው። ፊርማው በቀጠሮዬ እቀርባለሁ የሚል ቃል እንጂ ጥፋት ማመን አይደለም።

ወንጀለኛ ያሉት ሰዎች ቸኩለዋል። ያ ቃል «ኮንቪክትድ» ነው፤ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ካመነ ወይም ዳኛ ጥፋተኛ ካለው በኋላ የሚመጣ። ፎርም ስትሞሉ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። ብዙ የሥራ ማመልከቻ የሚጠይቀው ኮንቪክትድ ስለመሆን ነው። የዜግነቱ ፎርም ኤን-400 ግን ቻርጅ መደረግንም፣ መታሰርንም ይጠይቃል። «ክሱ ተሰርዞልኛል» ብሎ «ኖ» የሚል ሰው እዚያ ጋ ነው ጉድ የሚሆነው።

ሱ የፍትሐ ብሔር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የገንዘብ። ባለቤትሽን ሱ ያደረገ ሰው አያሳስረውም። ደግሞ ሐበሻ ሲናደድ «ቻርጅ አደርገዋለሁ!» ይላል። አንተ አቤቱታ ታቀርባለህ እንጂ የወንጀሉን ክስ ይዞ የሚሄደውም የሚተወውም ዐቃቤ ሕጉ ነው።

ኢንዳይት እዚህ ጉዳይ ውስጥ አይገባም። ከበድ ላለ ወንጀል ግራንድ ጁሪ የሚባለው የዜጎች ስብስብ ማስረጃውን አይቶ ክስ ሲፈቅድ ነው። ስፔሊንጉ ላይ «ሲ» አለች፣ አትነበብም።

ኢምፒችን የጠየቀው ወንድማችንም አለ። ከሥልጣን ማውረድ አይደለም፣ የምክር ቤት ክስ ነው። ክሊንተን በ1998፣ ትራምፕ በ2019 እና በ2021 ኢምፒች ተደርገዋል፤ ሴኔቱ ግን ሁለቱንም ነፃ አላቸው። ኒክሰን ደግሞ በ1974 ሳይደርስበት በፊት ለቀቀ።

እህቴ፣ የቀጠሮው ቀን ወረቀቱ ላይ አለ፣ እንዳያልፈው። እንግሊዝኛው ካላስተማመነው አስተርጓሚ ይጠይቅ፣ ከቀኑ ቀደም ብሎ። የለጠፍሽውን የወረቀቱን ፎቶ ደግሞ አሁኑኑ አጥፊው፤ ስሙም አድራሻውም ይነበባል።